ትሪ ሁሉ አንድ ነው ያልኩ ቀን

ነገሩ የተጀመረው ለውዝ ስፈለፍል ነው። ሰው ለውዝ ሲፈለፍል እጁ ሥራ ይይዝና አፉና ዓይኑ ሥራ ይፈታሉ። አፌን የማሠራበት ጎረቤት ያን ቀን አልነበረም፤ ስለዚህ ዓይኔን በልጄ መጽሐፍ ላይ ለቀቅኩት።

ልጄ ሜሮን ስምንተኛ ክፍል ናት። መጽሐፏን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ትወጣለች፣ እኔ አነባለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ደርሰናል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አሶሳ ሲያርፉ ከእኔ መማር የማሳው መታረም ይቀድም ነበር። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ በራሴ ሞላሁት፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመድኃኒት ወረቀት። የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ግን ትቻለሁ። እዚያ ላይ የተጻፈው ሕመም ሁሉ ተራ በተራ ይይዘኝ ጀመር።

ያን ቀን እጄ የገባው ሂሳብ ነበር። ሁለት ቅርጾች አንዱ በአንዱ ላይ ሲቀመጥ ሳይተርፍ ሳይጎድል ልክክ ካለ ግጥምጥም ይባላሉ ይላል። ማዞር ይቻላል፣ መገልበጥም ይቻላል፤ መለጠጥ ግን አይፈቀድም። «መለጠጥ አይፈቀድም» የሚለው ላይ ስደርስ ጎረቤቴ ብርቱካን ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ብርቱካን ወሬ ስታመጣ ሳትለጥጥ ያመጣችበት ቀን የለም።

ሜሮን ስትመለስ መምህሩ «ከቤታችሁ ምሳሌ ፈልጉ» ብለው የቤት ሥራ እንደሰጧቸው ነገረችኝ። እሷ ሁለት የክብሪት ቀፎዎች ጽፋ ጨርሳለች። እኔ ግን መች ጨረስኩ! ሳሙና ከሳሙና ጋር አስተያየሁ፤ አዲስና አዲስ ከሆኑ ልክክ ይላሉ፣ አንዱ ፊት የታጠበበት ከሆነ አበቃለት። የመስኮቱን መስታወቶች ለካሁ። መዳፌን ከመዳፌ ገጠምኩ። የነጠላ ጫማዬን ግራ በቀኙ ላይ ባስቀምጠው አውራ ጣቱ ወዲያ ሸሸብኝና «ይሄስ ግጥምጥም አይደለም» ብዬ ልጥለው ስል፣ ሜሮን መጥታ አንዱን ገልብጣ ሶሉን ከሶሉ ብታገናኘው ልክክ አለ። ዕድሜ ልኬን የተጫማሁትን ጫማ ያን ቀን ያወቅሁት መሰለኝ።

ከዚያ ሜሮን ለፈተና ምዝገባ የተነሳቻቸው ጉርድ ፎቶዎች አሉ። እነሱን ደርድሬ ቁጭ አልኩ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ልክ፣ ሁሉም ላይ ያኮረፈችው ያው ኩርፊያ ናት። አንዱን በአንዱ ላይ ሳስቀምጠው ልጄ በልጄ ላይ ልክክ ትላለች።

ቅርጹ አንድ ሆኖ መጠኑ የተለያየ ደግሞ ምስስል ይባላል። የባሌና የሜሮን አፍንጫ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ባሌ ግን ጉባ ነው፣ ግድቡ ላይ ብየዳ ይሠራል፣ ስለዚህ አፍንጫዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አልተቻለም።

«እማ፣ በቃ፤ አንድ ምሳሌ ነው ያሉን» አለች ሜሮን።

ይኸን እውቀት ይዤ ነው እንግዲህ ጫልቱ ቤት ሠርግ የሄድኩት።

ጫልቱ ከባምባሲ መጥታ ሰፈራችን ከገባች ቆይታለች፤ ልጇን ዳረች። እኛ ሰፈር ለድግስ ዕቃ የሚከራይ የለም። ሁሉም ከየቤቱ ትሪውን ተሸክሞ ይመጣል፤ የበርታው፣ የወሎው፣ የጎጃሙ፣ የወለጋው ትሪ አንድ ላይ ይነባበራል። ችግሩ፣ ትሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ዱሮ አንድ ነጋዴ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል ጭኖ ያመጣቸው ናቸው፤ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ መሐላቸው ላይ አንድ ትልቅ ቀይ አበባ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከእሱ ገዛች። ስለዚህ እያንዳንዷ ከትሪዋ ጀርባ ምልክት ታደርጋለች። የብርቱካን በቀይ የጥፍር ቀለም መስቀል ነው። ጫልቱ ከበሯ የተረፈውን ቡናማ ቀለም ጠብ አድርጋበታለች። የኔ ነጭ ነጥብ ነው። ይኸም ሁሉ ተደርጎ ከድግስ ማግስት ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ «ይቺ የኔ ናት»፣ «የለም የኔ ቀይ ትንሽ ደመቅ ይላል» እየተባለ።

ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ። በማግስቱ ሴቱ ሁሉ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት እኔ፣ ማን እንደላከኝ እንጃ፣ «ትሪዎቹን ወደኔ ቤት ውሰዱልኝ፤ እኔ በደንብ አጥቤ ለየባለቤቱ አደርሳለሁ» አልኩ። ያልመረቀኝ የለም። ምርቃቱ እስከ ረቡዕ ብቻ ነው የቆየው።

ወጥ ለማሞቅ እሳት ላይ ተጥደው ስለነበር የትሪዎቹ ጀርባ በጥላሸት ጠቁሯል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግሁ። የመጀመሪያው ብልጭ ሲል ደስ ብሎኝ ገልበጥ ባደርገው ምልክት የሚባል የለም። ጥላሸቱን ከነምልክቱ አንስቼዋለሁ። የማን እንደነበረ እንኳ ሳላይ!

ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው እንዲህ ጊዜ ሄዶ «አጥፍቻለሁ» ይላል። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። አንዱን ትሪ አንስቼ በሌላው ላይ አስቀመጥኩት። ልክክ። አዞርኩት፤ ልክክ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን የተጨቃጨቁት በምን ምክንያት ነው? አንዱ በአንዱ ላይ ሳይተርፍ ሳይጎድል የሚገጥም ከሆነ የኔ ትሪ ለብርቱካን፣ የብርቱካን ለጫልቱ ብትደርስ የጎደለባት ማን ናት? ሁለት ያዋሰች ሁለት ታገኛለች፤ አለቀ። ለካስ ያጣላን ትሪው ሳይሆን ምልክቱ ኖሯል!

የመጀመሪያውን ምልክት ያጠፋሁት በስህተት ነው። የቀሩትን ያጠፋሁት በእውቀት ነው።

ለሽቦ ያልተበገረውን በነጭ ጋዝ አባበልኩ። ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትገባ ግቢው በሙሉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«የሰፈሩን ጭቅጭቅ እያጠብኩ ነው። ግጥምጥም አይደሉ?»

ትሪዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «መምህራችን ግጥምጥም ናቸው አሉ እንጂ አንድ ናቸው አላሉም እኮ።»

ቃል ስትሰነጥቅ ነው ብዬ ፍተጋዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ትሪዎቹን ለየቤቱ አደረስኩ። ማንም አልጠረጠረም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ለእማማ ዘይነብ ይዤ ስደርስ ሶላት ላይ ስለነበሩ በረንዳቸው ላይ አስቀምጬ፣ የሰላም ሰው ሆኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከምሳ በኋላ ብርቱካን መጣች። ትሪ በብብቷ ይዛለች።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

መሬት ላይ አስቀመጠችው። «አየሽው? ቀጥ ብሎ ተቀመጠ! የኔ ይንገዳገዳል።»

«ታዲያ የማይንገዳገድ መጣልሽ፤ እልል በይ እንጂ!»

«የሚንገዳገደውን ነው የለመድኩት። ከሥሩ ጨርቅ አጥፌ አደርጋለሁ። አሁን ያንን ጨርቅ ምን ላድርገው?»

እኔም ትምህርቴን አወጣሁ። የራሴን ትሪ አምጥቼ በእሷ ላይ ደፍቼ፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል እያልኩ፣ መገልበጥ ይቻላል መለጠጥ አይፈቀድም እያልኩ አስረዳኋት። ብርቱካን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ገባኝ» አለች። «ባሌና ባልሽ ቁመታቸው እኩል ነው አይደል? ውፍረታቸውም ያው ነው። ያንቺ ጉባ ነው ያለው። እንግዲያው የኔን ልስጥሽና ያንቺ ሲመጣ እሱን ትሰጪኛለሽ። ማን ጎደለበት?»

የብርቱካን ባል ሲያንኮራፋ ሦስተኛ ቤት ያለ ሕፃን ይነቃል። ትሪዬን ከእሷ ላይ አነሳሁ።

ጫልቱ ተከተለች፤ የእሷ ትሪ ሲመታ እንደ ደወል ይጮሃል፣ የመጣላት ግን ዱዳ ነው። ሌላዋ መጣች፤ የእሷ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥርስ የምታህል ልላጭ አለችው፣ ሁልጊዜ ልላጯን ወደራሷ አዙራ ነው የምትበላው። ግቢዬ ሞላ። የሚገርመው ቀለሙን የሚያነሳ የለም። ስንት ዓመት በቀለም ሲጣሉ የኖሩ ሴቶች ቀለሙ ሲጠፋ ትሪያቸውን በድምፁ፣ በሚዛኑ፣ በጠባሳው ሊያውቁት መጡ።

እንዲህ እየተንጫጫን እማማ ዘይነብ ገቡ። ሁለቱን ትሪዎች በነጠላ ጠቅልለው በቀስታ እየተራመዱ ነው የመጡት። ዱካዬን አቀረብኩላቸው። እማማ ዘይነብ በርታ ናቸው፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው። በአማርኛቸው ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው፤ እኛም ለምደነዋል፣ እንዲያውም እሳቸው «አንቺ» ቢሉኝ የተቆጡ ይመስለኛል።

ተቀመጡና ትሪዎቹን ፈቱ። «ሁለት ሰጠሁ፣ ሁለት መጣ» አሉ። «አንተ ጥሩ ሰው ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። አጠበ። ግን ሐዋ የቱ ነው?»

«ሐዋ?» አልኩ።

ሐዋ እህታቸው ነበረች። ሞታለች። ሁለቱ እህቶች ከዚያ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለት ትሪ ገዙ፤ ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። ሐዋ አረንጓዴ ቀለም በጣቷ ነክራ ከትሪዋ ጀርባ አስነካች። እማማ ዘይነብ ምንም አላደረጉበትም፤ አንዱ ምልክት ካለው ሌላው የኔ ነው ብለው። ሐዋ ካረፈች ጀምሮ ዓርብ ዓርብ፣ ጁምዓ ሲወጣ፣ እማማ ዘይነብ በሐዋ ትሪ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቅርበው ለሰፈሩ ልጆች በሐዋ ስም ሰደቃ ያበላሉ። ሜሮንም ልጅ ሆና በልታበታለች። በራሳቸው ትሪ ሰደቃ አያወጡም፤ የሐዋ ሰደቃ ከሐዋ ዕቃ መውጣት አለበት ነው የሚሉት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልላጭና ጠባሳ አይለዩም። አረንጓዴው ግን ይታያቸው ነበር።

«የሐዋ ጣት ነው፣ አረንጓዴው» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን ትሪው ጀርባ ላይ እያሹ። «የት ሄደ?»

በጋዝ አጠፋሁት አልል! 

«ለዓርብ አገኝልዎታለሁ» ብዬ ሁለቱን ትሪዎች ተቀበልኳቸው። ምኑን ይዤ እንደሆነ አላውቅም።

ሴቶቹ ሄዱ፣ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ባጃጅ ያዝኩ። ልንገራችሁ እንጂ ምን ይደረጋል፤ ያሰብኩት መልካም ነገር አልነበረም። አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ልገዛ ነው። ከትሪዎቹ በአንዱ ላይ ጠብ አድርጌ «ይኸው ተገኘ» ልላቸው። ማን ያውቃል? ግጥምጥም አይደሉ?

«ለራስሽ ነው?» አለችኝ ባለሱቋ፣ የተሰነጣጠቀውን የእጄን ጥፍር እያየች።

«ለትሪ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ቤት ገብቼ አንድ ትሪ ገለበጥኩ፣ ጣቴን በቀለሙ ነከርኩ። ጣቴ ግን አልወርድ አለ። ቀለሙ ያው አረንጓዴ ነው፣ ጣትም ያው ጣት ነው፤ የኔ አውራ ጣት በሐዋ አውራ ጣት ላይ ቢቀመጥ ልክክ ይል ይሆናል። ግን እማማ ዘይነብ በየሳምንቱ እህቴ ናት ብለው የሚዳስሱት የኔን ጣት ሊሆን ነው። እንዲህ ሳስብ ቀለሙ እጄ ላይ ደረቀ። አረንጓዴ አውራ ጣት ይዤ ቀረሁ።

ሐሙስ ጠዋት በየቤቱ ዞሬ ለመንኩ። ትሪ ያለው ሁሉ ትሪውን ይዞ ሰፈራችን መሐል ካለው ማንጎ ሥር ይምጣልኝ፣ እያንዳንዷ የራሷን ለይታ ትውሰድ፣ የቀሩት ሁለቱ የእማማ ዘይነብ ናቸው። ብርቱካን ጣቴን አየችና «ለሠርግ ያልተኳኳልሽ ለትሪ ተኳኳልሽ?» አለች። መጣች ግን። ሁሉም መጡ።

ትሪዎቹን ማንጎው ሥር ዘረጋናቸው። መጀመሪያ ብርቱካን ገባች፤ እያንዳንዱን በእግሯ ጫን እያደረገች ሄዳ አንዱ ሲንገዳገድላት እንደጠፋ ዘመድ ዘላ አቀፈችው። ጫልቱ በጣቷ ቋ ቋ እያደረገች፣ ጆሮዋን አዘንብላ፣ «ኤዬ፣ ይኸው!» ብላ አነሳች። ባለ ልላጯ ጠርዝ ጠርዙን ዳሰሰች። እርስ በርስም ተረዳዱ፤ «ይሄ ያንቺ አይደል፣ ያኔ በለቅሶው ጊዜ ፍም የወደቀበት?» እየተባባሉ። ትናንት የተጣሉበትን ዛሬ እየተጠቋቆሙ ሲያነሱት ቆሜ አየሁ።

«ያንቺስ?» አለችኝ ጫልቱ።

እኔ የራሴን እንዴት አውቃለሁ? ትሪ ሁሉ አንድ ነው ብዬ የሰበክሁ እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንደኛው ላይ ያለው ቀይ አበባ በአንድ ወገን ቅጠሉ ደብዝዞ ነጭ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ባሌ ሲበላ ከአንድ ወገን ነው የሚጀምረው፤ ትሪው እንዴትም ቢቀመጥ አዙሮ ሁልጊዜ ከዚያው ጫፍ ይጀምራል፤ ቅጠሉን ያደበዘዘው የእሱ ጣት ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ስንት ዓመት ስናጥበው የኖርነውን ትሪ፣ እሱ ጉባ ሆኖ፣ እኔ ማንጎ ሥር ተንበርክኬ ያን ዕለት አየሁት። አንስቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። 

በመጨረሻ ሁለት ትሪዎች ብቻቸውን መሬት ላይ ቀሩ።

እማማ ዘይነብ ዱካቸውን አስጠጉ። ሁለቱንም ጭናቸው ላይ አድርገው ዳሰሱ፤ ጀርባቸውን፣ ጠርዛቸውን፣ አበባቸውን። አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጡት። ልክክ አለ። የላዩን ወደ ሥር አደረጉ። ልክክ አለ። የሚንገዳገድ የለም፣ ዱዳ የለም፣ የደበዘዘ የለም። ሁለት ሴቶች እኩል ጠብቀው ያኖሯቸው ዕቃዎች ናቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ዕለት «ምነው ትንሽ በተለያዩ!» ብዬ የተመኘሁት ነገር የለም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የቱ የእሷ እንደሆነ... እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

 ሳቅ አሉ። «እኛ ልጅ ሆኖ አንድ ጨርቅ ነው የሚለብስ። እማዬ ሐዋን ሲጠራ እኔ እሄዳለሁ። ዘይነብን ሲመታ ሐዋ ያለቅሳል።» ከዚያ እጄን ያዙ፣ አረንጓዴ ጣቴን አስጠግተው አዩት። «ይሄ ምንድነው?»

ቀለሙን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ለምን እንደገዛሁትም ነገርኳቸው። ምን ይሉኛል ብዬ አቀርቅሬ ስጠብቅ፣ ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው «ክፈት» አሉኝ።

ከፈትኩ። አውራ ጣታቸውን ነክረው አንደኛውን ትሪ ገልብጠው አስነኩ። ሌላውን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ «ቆይ» አሉ። እንደገና ነክረው እሱንም አስነኩ።

«እማማ» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ፣ «ሁለቱም አረንጓዴ ከሆነ የእርስዎ የቱ ሊሆን ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለቱም የሐዋ ነው። ዓርብ በሁለቱም ልጆች ይበላል።» ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንድ ቀን፣ ሠርግ ላይ፣ አንዱ ቢጠፋ፣ የጠፋው የኔ ነው። የቀረው የሷ ነው።»

ቀለሙ እስኪደርቅ ማንጎው ሥር ጠበቅን። ከዚያ ትሪዎቹን እስከ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዱን በቀኝ ብብቴ፣ አንዱን በግራ ብብቴ ይዤ። ለመሸከም ቢነባበሩ ይቀሉ ነበር፤ እኔ ግን ሁለተኛ አንዱን በአንዱ ላይ አላስቀምጥም።